ጩኸቱን ሳያዳምጡ አዲስ ማሽን አይግዙ

አምባሰል ስሙን ለአንድ የዜማ ቅኝት የሰጠ አገር ነው። ድምፅ መለየት ግን የሚጠቅመው ለዘፋኝ ብቻ አይደለም። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው የሞተሩ ኩሽኔታ ማጉረምረም ሲጀምር ቶሎ ይነቃል፤ ወፍጮው ከቆመ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ወፍጮ እንደሚሄድ ያውቃልና። የሚገርመው ይኸው ጥንቃቄ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዘንድ ሲደርስ መጥፋቱ ነው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ባለቤቱ በሩን ዘግቶበት ይወጣል። በመጨረሻም “አረጀ” ተብሎ ሌላ ይገዛል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማም ሆነ በውጫሌ፣ ለመንገደኛ አልጋ የሚያከራይ ሁሉ አንሶላ ማጠቡ አይቀርም። ማሽን ላለው ባለሆቴል ማሽኑ የቤት ጌጥ ሳይሆን ካፒታል ነው። የመተኪያው ዋጋ ደግሞ የሚቆረጠው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የጠጋኝ የእጅ ዋጋ ግን የሚከፈለው በብር ነው። እንግዲህ ስሌቱ ከተለወጠ ልማዱ ስለምን አይለወጥም?

ለመሆኑ ማሽን ለምን ይጮኻል? ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ድምፁ የሚሰማበት ሰዓት ይለየዋል።

አዲስ ማሽን ከመጀመሪያው ቀን የሚዘል ከሆነ በቅድሚያ ጀርባው ይታይ። ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች በጉዞ ላይ ከበሮው እንዳይናወጥ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ብሎን ታስረው ይመጣሉ። እነዚህ ሳይፈቱ ሥራ የጀመረ ማሽን ራሱን በራሱ ይቀጠቅጣል። መፍታቱ መፍቻ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ግንበኛ በሚሠራበት ውሃ ልክ ተለክቶ አራቱም እግሮች እኩል ወለሉን መርገጣቸው ይረጋገጥ።

ድብደባው የሚመጣው መጭመቅ ሲጀምር ከሆነ ጭነቱ ይፈተሽ። ብቻውን የገባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ውሃ ጠጥቶ በአንድ ጎን ይከማቻል። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ከበሮ ውስጥ ሚዛን የሳተ ግማሽ ኪሎ ጭነት፣ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲሽከረከር 140 ኪሎ ያህል በሚመዝን ኃይል ይጎትታል። ጭነቱ ተስተካክሎም ድብደባው ካልቆመ ሞላዎቹ ወይም አሞርዛተሮቹ ደክመዋል ማለት ነው። ውሃ ሲያስወጣ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ የፓምፑ ማጣሪያ ይከፈት፤ ሳንቲም ወይም የሸሚዝ ቁልፍ ሊገኝበት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የሚያይለው ጉርምርምታ ነው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ከበሮው በእጅ ይዙር፤ ጠርዙም ተይዞ ወደ ላይ ይነሳ። ካጉረመረመ ወይም ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታውን የሚገድለው ውሃ የሚከለክለው ጎማ ማለቁ ነው። ስለሆነም ሁለቱ አብረው ካልተቀየሩ ውሃው አዲሱንም ኩሽኔታ ይበላዋል።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኩሽኔታ የማሽኑ ማርካ ንብረት አይደለም። የተቀረጸበት ቁጥር ዓለም አቀፍ ልክ ነው፤ 6205 የሚል ከሆነ የትም ይሠራ የት የውስጥ ስፋቱ 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ይኸው ልክ በኤሌክትሪክ ሞተርና በውሃ ፓምፕ ውስጥም ይገባል። ጎማው ግን እንደየማሽኑ ይለያያል። ለወፍጮና ለፓምፕ ኩሽኔታ የሚሸጥ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነጋዴ በብዛት ለሚሸጡት ማሽኖች ጎማውን አጣምሮ ቢያቀርብ፣ በያዘው መደርደሪያ ላይ ሁለተኛ ገበያ ይከፍታል።

ይሁንና ማሽን ሁሉ ይጠገን አይባልም። አንዳንዶቹ የውጭ ገንዳቸው በፋብሪካ ተበይዶ የተዘጋ በመሆኑ ለአንድ ኩሽኔታ ሲባል ገንዳው መቆረጥ ወይም ሙሉው መለወጥ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ አምራቾች የልብስ ማጠቢያ ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። የእኛ ገዢ ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩን ራሱ ይጠይቅ፦ ገንዳው ይፈታል ወይ? ኩሽኔታውና ጎማውስ ከየት ይገኛል? ሻጭ ይህን መመለስ ካቃተው የሚሸጠው ርካሽ ማሽን ርካሽ አይደለም።

የጥገናው ውሳኔ በኢኮኖሚክስ ቀላል ነው። ማሽኑ ሲገዛ የወጣው ገንዘብ አንዴ ወጥቷል፤ ከስሌቱ ይውጣ። የጥገናው ወጪ ማሽኑ ወደፊት ለሚሰጠው ዕድሜ ይካፈል፣ የአዲሱም ዋጋ እንደዚሁ፤ በዓመት ያነሰው ይመረጥ። ይህ ስሌት የሚጠቅመው ግን በጊዜ ከተሠራ ነው። ያለቀ ኩሽኔታ ይዞ የሚሽከረከር ከበሮ ውሎ አድሮ ዘንጉን ይበላል፤ ያን ጊዜ የኩሽኔታው ሂሳብ የማሽን ሂሳብ ይሆናል።