ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፦ የጤና ፕሮግራማችንን ማን ይክፈልልን?

ዛሬ የምጽፈው ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ብር ነው። ግን ታገሱኝ፣ ዞሮ ዞሮ ጉዳዩ የእናንተ ጤና ነው።

አባል የሆንኩበት የሐኪሞች ማህበር ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አለው። እኛ ሐኪሞቹ የምንቀርበው በነጻ ነው። የአየር ሰዓቱ፣ ቀረጻውና ኤዲቲንጉ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። እስካሁን ወጪውን ይሸፍን የነበረው ድጋፍ አልቋል። አሁን አንድ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት "የዓመቱን ሙሉ ወጪ እኔ እችላለሁ" ብሎ መጥቷል። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። በሚቀጥለው ድምፅ እንሰጣለን። የኔ ድምፅ "አይሆንም" ነው።

በመጀመሪያ የሌላውን ወገን ሐሳብ ልንገራችሁ። "እንቀበል" ያሉት ባልደረቦቼ ብር ያሳሳቸው ሰዎች አይደሉም። አንዱ እኔን ያስተማሩኝ ታላቅ ሐኪም ናቸው። "እኛ ከስክሪኑ ስንወርድ ቦታው ባዶ አይቀርም። ስኳርን በሳምንት እናጠፋለን የሚሉት ቲክቶክ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። ድርጅቱ ደግሞ በምትናገሩት ጣልቃ አልገባም ብሏል" አሉ። እውነታቸውን ነው። ፕሮግራማችንን አይቶ ግፊቱን ሊለካ የመጣ፣ በጊዜም ሕክምና የጀመረ ሰው እኔ ራሴ አክሜያለሁ።

ግን የማልረሳት አንዲት እናት አለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ተጋብዤ ነበር። "እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ" ብዬ በደንብ አስረዳሁ። ከሳምንታት በኋላ አንዲት እናት የ4 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ከስቷል። የምትሰጠው ተራ የዱቄት ወተት፣ ለሻይ የምንጠቀምበትን ዓይነት ነው። እሱም ስለተወደደባት ውሃ አብዝታ አቅጥናዋለች።

"ይሄን ማን አዘዘልሽ?" አልኳት።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ዶክተር! ሲናገሩ ቆርቆሮው ከስር ይታይ አልነበር?"

ማታ ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። እኔ "ጡት ብቻ" እያልኩ ከአገጬ ስር የስፖንሰሩ ወተት ይሽከረከራል። ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ድምፅ ከሌለው ቪዲዮው ላይ ያለው ነጭ ጋዋን ለብሶ ወተት የሚሸጥ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ልጅ እያባበለች፣ ወጥ እያማሰለች፣ ገባ ወጣ እያለች የምታይ እናት ደግሞ ንግግሩን ሁሉ አትሰማም። የምታየው ሐኪሙንና ቆርቆሮውን ነው።

ልጁ ተመስገን አገግሟል። እኔ ግን አንድም ውሸት ሳልናገር ልጅ ልጎዳ እንደምችል ያን ቀን ተማርኩ።

አሁን ወደ ለስላሳው ልመለስ። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይሄ ከ8 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዷ ጣሳ ብቻዋን 25ቱን ታልፋለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄንን አንቀጽ በዚያ ድርጅት ብር በተሠራ ፕሮግራም ላይ ማን ያነበዋል? ድርጅቱ "አትናገሩ" ላይለን ይችላል። የምንተወው እኛው ነን። "ይሄ ሳምንት ስለ ጨው እናውራ፣ ስኳሩ ይቆየን" እንላለን። ባህላችንም የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው አይወድም። ውለታ ሳይነገረን አፋችንን ይይዘዋል።

ፈተናው የኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ መጠጥና ማጣፈጫ ለሕዝብ የሚሆን ትምህርት ለማዘጋጀት ከኮካ ኮላ ገንዘብ ሲቀበል፣ ተቃውመው ከአባልነት የለቀቁ ሐኪሞች ነበሩ። ትብብሩ በ2015 አበቃ። እኛ አገር የአልኮል ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል። ለስላሳ ግን እዚያ ክልከላ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሕግ አይወስንልንም፤ ራሳችን ነን የምንወስነው።

"ታዲያ ብሩ ከየት ይምጣ?" ትሉ ይሆናል። ለስብሰባው የማቀርበው ይሄንን ነው፦

1. ምግብ፣ መጠጥ፣ መድኃኒት ወይም የሕክምና አገልግሎት የሚሸጥ ስፖንሰር አይሁን። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ሌላም ሌላም ይጠየቅ።
2. አንድ ትልቅ ስፖንሰር ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ይሁኑ። አንዱ ቢሄድ ፕሮግራሙ አይወድቅም።
3. ሐኪም እየተናገረ ምንም ሎጎ ስክሪን ላይ አይታይ። የከፈለው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይነገር።
4. ውሉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ብር ለየሳምንቱ ካልበቃ፣ በወር ሁለቴ እንቅረብ። በወር ሁለቴ የሚታመን ሐኪም በየሳምንቱ ከሚጠረጠር ይሻላል።

እስከዚያው እናንተም የጤና ፕሮግራም ስታዩ ለአንድ ደቂቃ ድምፁን አጥፉትና እዩት። ስክሪኑ ምን እየሸጠላችሁ ነው? ደግሞ ተራ የዱቄት ወተት ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ የጡት ወተት ምትክ አይሆንም። ጡት አልበቃ ያላት እናት ካለች ቆርቆሮ ከመግዛቷ በፊት ጤና ጣቢያ ትሂድ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የኔን ሐሳብ የምትቃወሙም ጭምር ጻፉልኝ፤ ስብሰባው ላይ ይዤው እገባለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!