ዜማም ይነበባል

ፊደል ቃልን ይይዛል። ታዲያ ዜማን ምን ይይዘዋል? ዜማም ምልክት አለው። በአውሮፓ ምልክቱ በመስመሮች ላይ ይጻፋል። ምልክቱ ከፍ ሲል ድምፅ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል።

ድሮ የዜማ መጽሐፍ የሚገለበጠው በእጅ ነበር። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው አያገኘውም ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1501 ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የሚባል አታሚ በቬኒስ ከተማ የዜማ መጽሐፍ አተመ። አብዛኞቹ ዜማዎች ዓለማዊ ዘፈኖች ናቸው። በ1502 የዦስካንን የቅዳሴ ዜማ አተመ። በ1507 ደግሞ የሉት ዜማ አተመ። ሉት እንደ ክራር የሚደረደር መሣሪያ ነው።

የፔትሩቺ ሥራ አድካሚ ነበር። መስመሩ ለብቻ፣ ምልክቱ ለብቻ ይታተማል። ወረቀቱ ትንሽ ከተዛነፈ ዜማው ይበላሻል። በ1528 ፒየር አተኛን በፓሪስ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አተመ። ሥራው ቀለለ፤ ዋጋውም ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ ምልክቱን የተማረ ነጋዴ እንኳ በቤቱ ከወዳጆቹ ጋር እያነበበ ዘፈነ። ያልተማረው ግን መጽሐፉን በእጁ ቢይዝም ዜማው አይሰማውም።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ መርከሱ ብቻውን ይበቃልን? ከጎረቤትዎ ጋር ተወያዩበት።