የአንድ በመቶው ገደብ ይነሣ፦ የካውንቲው ጉድለት ወደ ኬንት ነዋሪ ደረሰኝ እንዴት ተሻገረ

በኬንት የሚገኘው የኖርም ማሌንግ የፍትሕ ማዕከል ፍርድ ቤትንና እስር ቤትን አጣምሮ የያዘ የኪንግ ካውንቲ ተቋም ነው። በዚያ የሚሠሩ ዐቃብያነ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቆችና የእስር ቤት ጠባቂዎች ደመወዛቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ለልዩ ዓላማ ካልታሰረው የካውንቲው ዋና ካዝና ነው። የዚህ ካዝና ትልቁ ምንጭ የንብረት ታክስ ሲሆን፣ የታክሱ ዓመታዊ ዕድገት ግን ኦሎምፒያ በወጣ ሕግ በ1 በመቶ ተገድቧል።

ገደቡ የመነጨው መራጮች እ.ኤ.አ. በ2001 ካጸደቁት የሕዝበ ውሳኔ ቁጥር 747 ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2007 ሽሮት ነበር፤ ሕግ አውጪው ምክር ቤት በዚያው ወር ልዩ ስብሰባ ተቀምጦ መልሶ አጸናው። ስለዚህ «ሕዝቡ ያሰረውን እኛ እንዴት እንፈታለን» የሚለው ምክንያት ዛሬ አያስኬድም። ዛሬ የሚሠራበትን ሕግ ያወጣው ምክር ቤቱ ራሱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ2002 እስከ 2024 የአገሪቱ የሸማቾች ዋጋ ከ70 በመቶ በላይ ጨምሯል። በየዓመቱ 1 በመቶ ብቻ የሚያድግ ገቢ ግን በነዚያው 22 ዓመታት 25 በመቶ እንኳ አይሞላም። አዳዲስ ሕንፃዎች የሚያስገቡት ታክስ ከገደቡ ውጭ መሆኑ ክፍተቱን ያጠበው ይሆናል እንጂ አይደፍነውም፤ አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር አገልግሎት የሚሻ አዲስ ነዋሪ ይመጣልና። ብዙዎች እንደሚያስቡት ገደቡ የአንድን ቤት ባለቤት ሒሳብ በ1 በመቶ የሚያቆም አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የሚገድበው የካውንቲውን ጠቅላላ የታክስ ገቢ ነው። በ2017 ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ሲያስፈልገው የራሱን የንብረት ታክስ ከዚያ በላይ ከፍ አድርጓል። ካውንቲዎችን ያሰረበትን ገመድ ለራሱ ሲሆን አላላው ማለት ነው።

ከተሞች ቢያንስ ሌላ በር አላቸው። በ2008 የሽያጭ ታክስ ዕቃው ከተላከበት ሳይሆን ከደረሰበት ቦታ እንዲቆጠር ሲደረግ፣ የመጋዘኖች ከተማ የሆነችው ኬንት በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገቢ አጣች፤ ስቴቱ ይከፍላት የነበረውም ማካካሻ እንዲቆም በ2017 ተወሰነ። ኬንት በንግድ ድርጅቶች ላይ ወደምትጥለው ታክስ ፊቷን ማዞር ቻለች። ካውንቲ ግን እንዲህ ያለውን ታክስ የመጣል ሥልጣን የለውም።

በ2025 የምክር ቤት ዘመን ገደቡን የዋጋ ንረትንና የሕዝብ ዕድገትን ተከትሎ እስከ 3 በመቶ ከፍ የሚያደርግ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዘመኑ ሳይዘጋ ተጣለ። በምትኩ ካውንቲዎችና ከተሞች ያለ ሕዝበ ውሳኔ 0.1 በመቶ የሽያጭ ታክስ ለፍትሕና ለጸጥታ እንዲጥሉ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ። ለ2026 እና 2027 ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት የተጋረጠበት ኪንግ ካውንቲ በዚያው በጋ ታክሱን ጣለ። ምን ምርጫ ነበረው?

0.1 በመቶ በ1,000 ዶላር ላይ 1 ዶላር ነው፤ ብቻውን ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በኬንት ከ10 በመቶ በላይ በሆነ የሽያጭ ታክስ ላይ የሚደመር ነው። የምግብ ሸቀጥ ነፃ ቢሆንም ጎማ፣ የተማሪ ጫማ፣ ሳሙናና ስልክ አይድኑም። በታክሲ ሾፌርነት ወይም በመጋዘን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ያገኘውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ያወጣል፤ ባለጸጋው የሚያወጣው ከገቢው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ኦሎምፒያ ታክስ መጨመርን አላስቀረችም፤ ከሀብት ላይ አንሥታ ለዕለት ፍጆታ አሸከመችው እንጂ።

ተቃዋሚዎች ጡረተኛ የቤት ባለቤቶችን ያነሣሉ፤ ሥጋታቸውም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው 61 ለሞላና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ባለቤቶች የታክስ ቅነሳ በሕግ አለ፤ ማስፋት ይቻላል። አከራይ ጭማሪውን በኪራይ ላይ ይጥላል የሚለው ይበልጥ ከባድ ነው። መልሱ ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች ተመላሽ ገንዘብ ማዘጋጀት እንጂ ተከራዩን በየገበያው ማስከፈል አይደለም።

ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 የአንድ ተከላካይ ጠበቃ የጉዳይ ብዛት በየደረጃው እንዲቀንስ ደንግጓል። ለተከሳሾች ተገቢ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ለዚህ አገልግሎት ስቴቱ የሚሸፍነው ጥቂት ሲሆን፣ የቀረው ዕዳ በዚያው በታሰረው ካዝና ላይ ይወድቃል። ኬንትን ከሚወክሉት መካከል የ33ኛውና የ47ኛው ወረዳ ሕግ አውጪዎች የ3 በመቶውን ረቂቅ ከተከራዮች ተመላሽ ጋር ዳግም ሊያቀርቡ፣ ካላቀረቡም ምክንያታቸውን በምርጫ ወረዳቸው ፊት ሊያስረዱ ይገባል።