«ሄጄ ልየው» ለሚል ሰው መመለሻው የት ነው?

«ሄጄ ልየው፤ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ።»

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ ወደ ዓረብ አገር የሚያቀና ወጣት ለእናቱ የሚላት ይህንኑ ነው። እናትም የምትጽናናው በዚሁ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ማንም ሰው በማያውቀው አገር ላይ ዕድሜውን በጭፍን ሊጥል አይገባም። ነገር ግን ሙከራ ሙከራ የሚሆነው መመለሻ ሲኖረው ብቻ ነው። መመለሻው ከተዘጋ ስሙን ሙከራ ብንለውም የቁርጥ ጉዞ ነው።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚሄደውን ልጅ «አትሂድ» እያልን ከምንደክም መመለሻውን እንጠብቅለት።

«አትሂድ» ማለት እንደማይሠራ አይተነዋል። መሬቱ ጠቧል፤ የአባት ማሳ ለልጆች ተከፋፍሎ ማንንም አያኖርም። ደጋው ላይ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ በልጉ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይቀራል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ጦርነት መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም ዘግቷል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሳው በጥር 2010 ነው። በመካከሉ ጉዞው ቆመ? አልቆመም። በአፋር በረሃ፣ በኦቦክና በየመን በኩል ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በባሕር ተሻግረው የመን የገቡ ሰዎች ከ110,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የእኛው ልጆች ናቸው።

ለመንዝ ሰው መመለሻ አዲስ ነገር አይደለም። እስከ የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ድረስ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ርስት ይጠይቅ ነበር። ወታደር ሆኖ የዘመተው፣ አዲስ አበባ ወርዶ የከረመው ሲመለስ «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ሙግቱ ትውልድ ይጨርስ እንደነበር፣ ጉልበት ያለው ደካማውን ይነቅል እንደነበር አውቃለሁ፤ ያ ሥርዓት ይመለስ አላልኩም። ሂያጁ ግን ከኋላው የሚጠብቀው ቦታ እንዳለ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸውን ሁለት የሰፈራ ዘመኖች አነጻጽሩ። በ1977 እና በ1978 ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋና ጎጃም አጓጓዘ። ብዙው በግዳጅ ነበር፤ ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጅ የጠፋበት ነው። መመለስ ክልክል ስለነበር የሚመለሰው በሌሊት አምልጦ፣ በእግሩ ነበር። በ1995 የተጀመረው ሰፈራ ግን በጽሑፍ ሌላ መርሕ ይዞ መጣ፦ በፈቃደኝነት፣ በየክልሉ ውስጥ፣ ደግሞም ሰፋሪው የለቀቀው መሬት የመጠቀም መብት ለሦስት ዓመት ሳይነካ ይቆይለት። ከአማራ ክልል ደጋ ወደ መተማ፣ ቋራና ጃዊ የሄዱት በዚህ ሥርዓት ነው። በብዙ ቦታ አባወራው ቀድሞ ሄዶ አይቶ ቤተሰቡን በኋላ አስመጣ። ወባው፣ የውሃ እጦቱ፣ የአፈጻጸሙ ጉድለት ብዙ ነበር፤ ተማርረው የተመለሱም ጥቂት አልነበሩም። ቢሆንም መመለስ መቻላቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መተማ ለሚወርድ ገበሬ ሦስት ዓመት የታሰበለት አገር፣ ሪያድና ቤሩት ለሚሄደው ልጁ ለምን ምንም አላሰበም?

የዛሬው ሂያጅ በሁለት በኩል ተቆልፎበታል። አንደኛው ቁልፍ እዚያ ነው። የካፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራታል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ሥርዓቱን ስታሻሽል የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ቀርተዋል። ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ የሆነባት ልጅ «አልተመቸኝም፣ ልመለስ» ብትል ማን ይሰማታል?

ሁለተኛው ቁልፍ እዚህ፣ በእኛው እጅ ነው። በሬው ተሸጧል፣ በጎቹ ተሸጠዋል። ማሳው በወለድ አገድ ተይዟል። ደላላው ቀብዱን በልቷል። ልጅቱ ገና አውሮፕላን ሳትሳፈር ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ስልክ ደውላ «ልመጣ ነው» ስትል የሚመለስላት መልስ «ትንሽ ታገሺ» ነው። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ዕዳው ነው የሚናገረው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ከሳዑዲ ተባሮ ሲመለስ ያየነውም ይህንኑ ነው። ብዙው ባዶ እጁን መጣ፤ የሚቀበለው ሥራም መሬትም ስላጣ ከፊሉ ዞሮ በዚያው በረሃ ሄደ።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ዕዳውን እናሳንስ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የብቃት ማረጋገጫን የመሳሰሉትን ነው። ሕጉ ራሱ «ደርሶ መልስ» ብሏል፤ መመለሻዋን አስቧል ማለት ነው። ደላላ ለቪዛና ለትኬት ብር ሲጠይቅ በሬ ከመሸጥ በፊት ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቦታዋን እንጠብቅ። ማሳ ያለው ሰው አይሽጥ፣ በወለድ አገድም አያስይዝ፤ ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ የይዞታ ደብተሩን በታማኝ እጅ አስቀምጦ ይሂድ። የክልሉ ሕግ መሬቱን ጥሎ ለዓመታት ደብዛው ለጠፋ ሰው መብቱን ዝም ብሎ አያቆይለትምና ሂያጁ ያለበት ለቀበሌው ይታወቅ። አብዛኛው ወጣት ግን በስሙ መሬት የለውም። ለእሱ የምጠይቀው፣ ለወጣቶች የወል መሬት ወይም የሥራ ዕድል ሲታደል ውሉን ጨርሶ ወይም ሳይሆንለት ቀርቶ የተመለሰው ተራውን እንዳያጣ ነው። የሰፋሪው ሦስት ዓመት ለእሱም ይሁንለት።

ሦስተኛ፣ አፋችንን እንሰብስብ። «ምን ይዛ መጣች?» የሚለው የሰፈር ጥያቄ ከካፋላ ባልተናነሰ ሰው ያስራል። ባዶ እጁን በጊዜ የተመለሰ ሰው ጤናውን ይዞ መጥቷል።

ይህ ለዓረብ አገር ተጓዥ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ግሪን ካርድ ይዞ የሚሄደውም ቤቱን ሸጦ፣ ሥራውን ለቆ፣ ዕቃውን አከፋፍሎ ነው የሚነሳው። ሆኖም ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት የሚፈልግ ነዋሪ እዚያው እያለ አመልክቶ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ለእሱ ሕጉ በሁለቱም በኩል ትንሽ ቀዳዳ ትቶለታል። ታዲያ የመጀመሪያውን ክረምት ሳያይ ቤት መሸጥ ምን ያጣድፋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«መመለሻ ያለው ሰው ልቡ ለሁለት ይከፈላል፤ አይጸናም» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት አለው፤ በመጀመሪያው ወር ናፍቆት ብቻ የሚመለስ ይኖራል። ግን መመለስ የማይችል ሰው ጸንቶ ሳይሆን ታስሮ ነው የሚቆየው። አሠሪውም ይህን ያውቃል። መሄጃ የሌላትን ልጅ ደመወዝ መከልከል ቀላል ነው፤ ነገ ተነስታ የምትሄደውን ግን ያከብራታል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየወረዳችሁ ከስደት የተመለሰ ወጣት ምን ቦታ ይጠብቀዋል? ቀበሌው ይመዘግበዋል ወይስ እንደ እንግዳ ያየዋል? የምታውቁትን ጻፉልን።

ቸር እንሰንብት።