መቱ ላይ ማን ይሸነፋል?

መቱ ውስጥ አንዱ ቡና ቤት ግቡና ስለ አሜሪካ ምርጫ አንሱ። ፔንሲልቬንያ ለምን ወሳኝ እንደሆነች፣ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጂያን 12 ሺህ በማይሞላ ድምፅ እንዳጡ፣ ካርተር በ1980 ምን እንደነካቸው አንድ በአንድ የሚያስረዳችሁ ልጅ አታጡም። ሕዝብ የሰለቸው ፕሬዚዳንት ዳግም ይመረጣል ወይስ አይመረጥም በሚለው ላይ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራል። ከዚያ «እሺ፣ የኛስ?» በሉት። ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ወሬውን ወደ አርሰናል ያዞረዋል።

ስለዚያ ሳቅ ነው የምጽፈው።

ከሕገ መንግሥቱ ልጀምር፤ አትሰልቹ፣ አጭር ነው። ፕሬዚዳንት አለን። የሚመርጧቸው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጡም። ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1994 ዓ.ም. ተመርጠው በ2000 ዓ.ም. ሲደገሙ የመቱን ሰው ማንም አልጠየቀውም። ለነገሩ ባይጠየቅም ብዙ አልቀረበትም፤ ሥልጣኑ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘንድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ደግሞ የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል ገደብ አልተጻፈበትም። ሥልጣን የሌለው ሰው ገደብ አለበት፣ ሥልጣን ያለው የለበትም። (አርቃቂዎቹ ያን ቀን ምን እያሰቡ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።)

ስለዚህ የመቱ ወይም የጎሬ መራጭ የአገሪቱን መሪ ልቅጣ ቢል ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በራሱ የምርጫ ክልል የቆመውን የመሪውን ፓርቲ ዕጩ መጣል። ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ የሰጡት በሻሻ ነው፤ ከበደሌ ወደ ጅማ ስትወርዱ አጋሮ አካባቢ። ጎረቤታችን ናቸው ማለት ይቻላል። ግን በሳቸው ላይ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጠው የዚያ ምርጫ ክልል ሰው ብቻ ነው። እኛ የምናገኘው የተላከልንን ሰው ነው።

ይህ መንገድ ሠርቶ ያውቃል? በዚህ አገር እውነተኛ ሥልጣን ይዞ በድምፅ የወረደ ሰው ጥሩልኝ። መንግሥቱ ኃይለማርያምን ሸንጎው በ1979 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው፤ ዘመናቸው አልቆ ዳግም ሳይመረጡ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። መለስ ዜናዊ ሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ለቀቁ። አንዱን ስደት፣ አንዱን ሞት፣ አንዱን አመፅ። ኮሮጆ አንዱንም አላወረደም።

ለጥቂት ሳምንታት ሊያወርድ የመሰለው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነበር። ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። በረከት ስምዖንን የሚያህል ሰው ቡግና ላይ ተሸንፎ፣ ምርጫው በድጋሚ ሲካሄድ ነው ያለፈው። ወደኛ ሠፈር ስንመጣ ደግሞ ነጋሶ ጊዳዳ፣ ያውም ወንበሩን ከለቀቁ አራት ዓመት ያልሞላቸው የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ ደምቢዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ገዢውን ፓርቲ አሸነፉ። የቡልቻ ደመቅሳ ፓርቲም 11 መቀመጫ አገኘ። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው ብቻ 193 ሰላማዊ ሰው ሞተ፣ የተመረጡት ሰዎች ቃሊቲ ገቡ።

ገዢው ፓርቲ ከዚህ ምን ተማረ? «ሕዝቡ ለምን ጠላን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። እሱ የጠየቀው «ዳግም እንዳይሸነፉብን ምን እናድርግ?» የሚለውን ነው። አባላቱን ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች አሳደገ፤ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እስከ ጓሮ ዘለቀ። በ2002 ዓ.ም. ከአጋሮቹ ጋር ከ547 መቀመጫ 545 ያዘ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. 547 ከ547።

እዚህ ላይ ያዩን አስታውሱ። ከመቱ ወደ በደሌ ስትሄዱ ያለችው ያዩ፣ በጫካ ቡናዋ ዩኔስኮ የመዘገባት። ድንጋይ ከሰልና ማዳበሪያ ይመረትባታል ተብሎ ግዙፍ ፋብሪካ ሜቴክ እጅ ገባ፤ ገበሬ ከመሬቱ ተነሣ፤ ቢሊዮን ብሮች ወጡ፤ ፋብሪካው ግን ሳያልቅ ቀረ። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ብቻውን የምርጫ አጀንዳ ነው። ያንን ግንብ በየቀኑ እያየ የሚውል ሰው በ2007 ዓ.ም. ወረፋ ይዞ ድምፅ ሰጠ፤ ውጤቱ መቶ በመቶ ሆነ። በያዩ ጉዳይ ሕዝቡ ተናዶ ይሁን አይሁን ከዚያ ቁጥር ማንበብ የሚችል ካድሬ ካለ ይምጣ።

ሊነበብም አልቻለም፤ ጣጣው ይኸው ነው። ከምርጫው ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኦሮሚያን አዳረሰ፣ ኢሉባቦርንም አልዘለለም። መቶ በመቶ የተመረጠ መንግሥት በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ መሪውን ቀየረ። በየምርጫ ክልሉ ሠላሳና አርባ ወንበር ተነጥቆ ቢሆን ኖሮ የት እንደሚያመው ያውቅ ነበር። ፓርቲው የሚሰማበትን ጆሮ በገዛ እጁ ደፈነ፤ ዋጋውን ግን የከፈሉት አብዛኛውን ጊዜ ከኛ በዕድሜ የማይበልጡ ልጆች ናቸው።

በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ውጤት ከተገለጸባቸው 436 መቀመጫዎች 410 አገኘ። ከመረጡት ውስጥ ከልባቸው የመረጡ ብዙ ሰዎች እንደነበሩ አልክድም፤ ጦርነትና ግርግር ያስመረረው ሰው ጸጥታ ይመርጣል። ነገር ግን ኦፌኮና ኦነግ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከውድድሩ በወጡበት ኦሮሚያ ያ ውጤት የፍቅርም የጥላቻም ማስረጃ አይሆንም። ብቻውን የሮጠ አንደኛ ወጣ፤ ፍጥነቱን በምን እንለካ? (ለተቃዋሚዎቹም አንድ ቃል አለኝ፤ ከምርጫ እስከ ምርጫ ሁሩሙና ቡሬ ላይ ዝር ሳይሉ ቆይተው ለቅስቀሳ ብቻ ብቅ የሚሉ ፓርቲዎችን ሰው ቢረሳቸው አይፈረድበትም።)

መቼም አንዳንዶቻችሁ «አፍሪካ እንዲህ ናት» ማለታችሁ አይቀርም። አይደለችም። ዛምቢያውያን እ.ኤ.አ. በ2021 ኤድጋር ሉንጉን አሰናበቱ። ማላዊ ላይ ፍርድ ቤት የ2019ኙን ምርጫ ሰርዞ በድጋሚው ፒተር ሙታሪካ ተሸነፉ፤ በ2025 ደግሞ ያሸነፏቸውን ሰው አሸንፈው ተመለሱ። እዚሁ ጎረቤት፣ ዓለም አልቀበልም ያላት ሶማሌላንድ እንኳ በ2024 ሙሴ ቢሂን በድምፅ ሸኘች። ተሸናፊ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰማይ አልተደፋም።

ታዲያ እኛ ከየት እንጀምር? ብዙዎቻችን ዓይናችንን አራት ኪሎ ላይ ተክለናል። እኔ ግን ከላይ መጀመሩ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ለመቱ ሰው በየቀኑ የሚያገኘው ባለሥልጣን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደለም፤ ቦታ የሚመራው፣ ውኃ ጠፋ ሲባል ስልኩን የሚዘጋው የከተማ አስተዳደሩና የቀበሌው ሰው ነው። እሱን የምንጥልበት ቀን የታለ? የአካባቢ ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መደገም ነበረበት፤ ተራዘመ። ከዚያም ሰበብ እየተከተለ ሰበብ፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በስተቀር ነገሩ ተረሳ። ለሰፊው ምርጫ ጸጥታና ገንዘብ የተገኘለት አገር ለመቱ፣ ለጎሬና ለበደሌ ምክር ቤት ምን ጎደለው?

አንድ ከንቲባ በድምፅ ሲወርድ ማንም አይሞትም። ተተኪው ግን የውኃ ቧንቧውን በፍርሃት ይጠግናል፤ መራጩም ካርዱ እንደሚሠራ በዓይኑ ያያል፤ ተቃዋሚውም ስድብ ትቶ በጀት ማንበብ ይለምዳል። እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን ያላየ ሰው ለአራት ኪሎው ወንበር በድንገት እንዴት እንዲያምንበት ትጠብቃላችሁ?

በዚያ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ምርጫ ቀን 17 ዓመቷ የነበረች የመቱ ልጅ አንድ ዓመት ጎድሏት መምረጥ አልቻለችም። ዛሬ 30 ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ለከተማዋ ምክር ቤት አንድም ጊዜ ድምፅ ሰጥታ አታውቅም።