የልጅ ቀለብ አቤቱታ ሰሚ ይሻል

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ዛሬ የማነሣው ነገር የዚያችው የጭብጦ ነገር ነው። ይኸውም ቀለብ የተፈረደለት ሕፃን ቀለቡ ሲቀርበት እናቲቱ ለማን አቤት ትበል? የሚል ጥያቄ ነው።

ሕግ ጠፋ የሚል ካለ ተሳስቷል። ቀለብ የመስጠት ግዴታ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጽፎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 36፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋራ እኩል መብት እንዳለው ደነገገ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፣ ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ጭምር መሆኑን ይናገራል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥቷል። መክፈል እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክለውን ሰው ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ይቀጣዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ከፍርዱ በኋላ ነው። ከአንዱ የመቄት ቀበሌ ልጇን አዝላ ወደ ፍላቂት የምትመጣ እናት እናስብ። ለማመልከቻ ጸሐፊው ትከፍላለች፤ ለስንቅና ለማደሪያ ታወጣለች። በቀጠሮው ቀን «ሰውየው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፣ መጥሪያ አልደረሰውም» ይባላል። ሌላ ቀጠሮ ይሰጣታል። በሦስተኛው ምልልስ ወጪዋ ከምትጠይቀው ቀለብ ይበልጣል። ይግባኝ ቢመጣ ደግሞ ወልድያ መሄድ አለ። የመንደር ሽማግሌም «ተይው ልጄ፤ እግዜር ያሳድገዋል» ይላታል። እግዜር እንደሚያሳድግ አንክድም፤ ነገር ግን አባትን ከግዴታው ነጻ አላወጣውም!

ከሳሽ ሴት ብቻ ናት አንልም። ውርጭ እህሉን የመታበት ገበሬም አቤቱታ አለው። ሕጉ የቀለቡ ልክ በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም እንዲወሰን፣ ሁኔታው ሲለወጥም እንዲሻሻል ይፈቅዳል። እርሱም ይሰማ። ሆኖም «ይቀነስልኝ» ብሎ ማመልከትና ዝም ብሎ መጥፋት አንድ አይደለም።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1993 ቀለብ የሚያስከፍል ልዩ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አቤቱታው ስለ በዛ በ1997 ያንኑ መሥሪያ ቤት የሚመረምር ገለልተኛ አቤቱታ ሰሚ ለመሰየም ተገደዱ። ባለጸጋው አገር እንኳ «ልክ ነኝ» ብሎ ካልተቀመጠ፣ እኛ በምን ምክንያት እንቀመጣለን?

እንግዲህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፤ በየወረዳው የቀለብ አቤቱታ በገበያ ቀን የሚቀበል አንድ ጸሐፊ ይመደብ፤ አቤቱታው ቁጥር ይሰጠው፤ መልሱም ቀን ተቆርጦለት በጽሑፍ ይሰጥ። ሁለተኛ፤ የደመወዝተኛው ቀለብ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ለገበሬው ግን መክፈያው ከአዝመራ ጋር ቢገጣጠም፣ በእህልም ቢሆን ይሻላል። ሦስተኛ፤ ነገሩ እስኪጣራ ልጁ ጊዜያዊ ቀለብ ይቆረጥለት። ክርክር ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ረኃብ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ለእኛስ ምን ቀረልን? በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይልከው ነበር። ዛሬ ያ ግዴታ የለም፤ ሕሊና ግን አለ። የሕግ ተማሪ በእረፍቱ ወር ወደ ትውልድ ወረዳው ሄዶ የአንዲት እናት ማመልከቻ ያለ ዋጋ ቢጽፍ ምን ይጎድለዋል? መምህራኖቻችንም ይህን ከትምህርቱ ቢቆጥሩልን ደግ ነው። አንቀጽ በቃል ማጥናት ለፈተና ይበቃል፤ ለሕፃኑ ግን ጭብጦ አይሆነውም።