ኳሱን ራሱ የሚሰፋ ተጫዋች

የኳስ አፍቃሪው ድሮንን የሚያውቀው በክፉ ስሙ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያና አልባኒያ ሲጫወቱ ባንዲራ አንጠልጥሎ የመጣው ድሮን ጨዋታውን በድብድብ አቋርጦታል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ የካናዳ ሴቶች ቡድን ሰዎች የኒውዚላንድን ልምምድ በድሮን ሲሰልሉ ተይዘው ቡድኑ 6 ነጥብ ተቀንሶበታል።

እኔ ግን ዛሬ ጥብቅና የምቆምለት ሌላ ድሮን አለ። ከሱቅ ካርቶን የሚወጣ ሳይሆን ወጣቱ ራሱ እንደ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ እየበየደ የሚገጣጥመው ነው። አራት ሞተር፣ የካርቦን ፋይበር አጽም፣ ሞተሮቹን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ካሜራ፣ ባትሪ፤ በቃ! ሁሉም ተደምሮ አንድ ኪሎ የማይሞላ ነው። አብራሪው መነጽር ያጠልቅና ካሜራው የሚያየውን እያየ፣ ወፍ ላይ የተፈናጠጠ ይመስል ከዛፍ በላይ ዞሮ በቅርንጫፍ ሥር ይሾልካል፤ ተገልብጦም ይበራል። ፍሪስታይል የሚባለው ይሄ ነው። የፎቶ ድሮን እጅህን ብትለቀው ባለበት ይቆማል። ይሄኛው ግን እንዳዘነበልከው ይቀራል፤ የሚያቃናው የአንተው አውራ ጣት ነው።

“ታዲያ ይሄ ስፖርት ነው?” የሚል አይጠፋም። እሽቅድምድሙማ ዱሮ ተመስክሮለታል። በ2016 ዱባይ ላይ የ15 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሉክ ባኒስተር አሸንፎ ለቡድኑ 250 ሺህ ዶላር አስገኝቷል። በ2025 ግን አቡዳቢ ላይ የኔዘርላንድስ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያዘጋጀው፣ ራሱን በራሱ የሚያበር ድሮን የሰው ሻምፒዮኖችን ቀደመ። ፍጥነቱን ማሽን ይውሰደው። ፍሪስታይል ግን ድሪብል ነው። የሮናልዲንሆን ድሪብል በሰዓት የለካ ማን አለ?

በእጅ መሰራቱም የጨዋታው ግማሽ ነው። ይሄ ድሮን ይወድቃል፤ ደጋግሞ ይወድቃል። ገዝቶ ለሚያበር ሰው ሲሰበር ጨዋታው አለቀ። የሰራው ልጅ ግን ክንፉን ቀይሮ፣ የተበጠሰውን ሽቦ በይዶ ተመልሶ ሜዳ ላይ ነው። መጠገን ስለሚችል አይፈራም፤ ስለማይፈራ ይሞክራል፤ ስለሚሞክር ይችላል። በጨርቅ ኳስ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ኳሱ ሲፈታ መልሶ የሚሰፋው ተጫዋቹ ራሱ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታው አደጋ አለው። የሚሽከረከረው ክንፍ ጣት ይቆርጣል፤ ቤት ውስጥ ሞተር ሲሞከር ክንፎቹ መፈታት አለባቸው። ባትሪው ከተበሳ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ሕዝብ በሞላበት ስታዲየም አናት ላይ ማብረርማ ስፖርት ሳይሆን ወንጀል ነው። እኛ አገርም ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ የግድ ነው፤ ይሁን፣ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥጥር ማለት በሩን ዘግቶ መቀመጥ ማለት አይደለም። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ሜዳ፣ የታወቀ ሰዓት፣ ኃላፊነት የሚወስድ ክለብ፤ ጥያቄው ይሄው ነው። እስከዚያው ጣት በኮምፒውተር ሲሙሌተር ይፍታታል። መርካቶ ሞባይል ሲፈታና ሲገጥም የሚውለው ልጅማ እጁ ዝግጁ ነው፤ የጎደለው ሜዳ ብቻ ነው። ሜዳ ያጣ ተጫዋች ምን እንደሚሆን ደግሞ፣ የሰፈሩ ሜዳ ሕንፃ የበቀለበት የአዲስ አበባ ልጅ ይንገራችሁ።